እኛ «ክልል» ስንል፣ እነሱ «ስቴት» ሲሉ

ከሜሪላንድ ተነስቶ በውድሮው ዊልሰን ድልድይ የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገር አንድ አሽከርካሪ እናስብ። በራሱ መኪና ተሳፋሪ እያመላለሰ የሚያድር ሰው ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ በዚህ ሥራ የሚተዳደረው ሐበሻ ብዙ ነው። ድልድዩን አልፎ ቀለበት መንገዱን ይዟል። የፍጥነት ወሰኑ 55 ማይል ነው፤ እሱ 76 ላይ ደርሷል። የስቴት ፖሊስ ያስቆመዋል፣ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ያሰናብተዋል። ማታ ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን ሲያነብ ከሳሹ ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። «ኮመንዌልዝ ኦፍ ቨርጂኒያ» ይላል። እንግሊዝኛ ይችላል የሚባል ጓደኛውን ይጠራል። ጓደኛው በልጅነቱ በሬዲዮ የሰማውን ትርጉም አስታውሶ «ኮመንዌልዝ ማለት የጋራ ብልጽግና ነው» ይለዋል። «ብልጽግና እዚህም ተከትሎኝ መጣ?» ይላል ባለ ወረቀቱ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው «ሚስድሚነር» የሚል ቃል ያገኛሉ። ጓደኛው አሁንም አላመነታም፤ «ቀላል ነው፣ ደንብ መተላለፍ ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። «ኮመንዌልዝ» የቨርጂኒያ ስቴት ራሷን የምትጠራበት ስም ስለሆነ የመጀመሪያው ትርጉም ቢያስቅም ማንንም አይጎዳም፤ ሁለተኛው ግን ሰው ያሳስራል።

በቨርጂኒያ ሕግ ከፍጥነት ወሰኑ በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት፣ ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳትም፣ «በግዴለሽነት ማሽከርከር» የሚባል ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ዳኞች እዚያ ድረስ አይሄዱም፤ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ግን ስሙ የሚሰፍረው በወንጀል መዝገብ ላይ ነው። ያው ሰው ከአምስት ደቂቃ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ በዚያው ፍጥነት ቢያዝ ኖሮ ነገሩ በገንዘብ መቀጮና በመንጃ ፈቃዱ ላይ በሚያዝ ነጥብ ባለቀ ነበር። መንገዱ አንድ ነው፣ መኪናዋም ያችው ናት። ሰውየው ድልድዩን ሲሻገር ከአንድ የወንጀል ሕግ ወጥቶ ሌላ የወንጀል ሕግ ውስጥ ገብቷል። በድልድዩ ላይ «እንኳን ወደ ቨርጂኒያ በደህና መጡ» ይላል እንጂ ይህን የሚናገር ሰሌዳ የለም።

ይህን ለመረዳት የምንቸገረው ፌዴራሊዝምን ስለማናውቅ አይደለም። እንዲያውም እያወቅነው መሄዳችን ነው የሚያሳስተን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ለፌዴራል መንግሥቱ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1791 (የአሜሪካ ጉዳይ ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አሥረኛው ማሻሻያም የሚለው ከዚህ አይርቅም። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው መንትያ ናቸው ሊል ይችላል። ልዩነቱ «ተለይቶ የተሰጠው» ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። በእኛ ዘንድ አንቀጽ 55 የወንጀል ሕጉን፣ የሠራተኛ ሕጉንና የንግድ ሕጉን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አስረክቧል፤ ክልሎች በወንጀል ጉዳይ ሕግ የሚያወጡት የፌዴራሉ ሕግ ባልሸፈነው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ ስርቆት የሆነ ነገር ጅማም ላይ ስርቆት ነው፣ ቅጣቱም አንድ ነው። በአሜሪካ ግን ኮንግረሱ ጠቅላላ የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን የለውም። ግድያ፣ ስርቆት፣ ድብደባ፣ ውል፣ ውርስ፣ ጋብቻ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የሐኪምና የፀጉር አስተካካይ የሥራ ፈቃድ ሁሉ የስቴቱ ነው። ሃምሳ ስቴቶች አሉ፤ የወንጀል ሕጉም ሃምሳ ነው፣ የፌዴራሉና የዋና ከተማዋ ሳይቆጠሩ። ለእኛ ሰው ቀረብ የሚል ምሳሌ ልስጥ ካልኩ የቤተሰብ ሕጋችን ነው፦ ብዙዎቹ ክልሎች የራሳቸውን አውጥተዋል፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ በፌዴራሉ ይተዳደራሉ። ያንን ሁኔታ ወደ ሁሉም የሕግ ዘርፍ አስፍቶ ማሰብ የሚችል ሰው አሜሪካን በግማሽ ተረድቷታል።

ቃላቶቻችንም አያግዙንም። «ስቴት»ን «ግዛት» ስንለው የጠቅላይ ግዛት ዘመን ትዝታ አብሮ ይመጣል። «ገቨርነር»ን «አገረ ገዥ» ስንለው ደግሞ ከቤተ መንግሥት ተሹሞ የሚላክ ባለሥልጣን በዓይናችን ይዞራል፤ የሾመው ሲቆጣ ሽረቱ በስልክ ይነገረዋል። የሜሪላንድ አገረ ገዥ ግን ለፕሬዚዳንቱ አይታዘዝም፣ ፕሬዚዳንቱም ሊሽረው አይችልም። የመረጠው የሜሪላንድ ሕዝብ ነው፣ ጠበኛውም ወዳጁም እዚያው በስቴቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ነው። «ክልል» ብንለውስ? በአገራችን የደረሰውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ የመገንጠል መብትን ጨምሮ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት በኋላ በ1869 በቴክሳስ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ኅብረቱም የማይፈርስ፣ ስቴቶቹም የማይፈርሱ ናቸው ብሎ ዘግቶታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ «ስቴት»ን እንዳለ እወስደዋለሁ፤ «አገረ ገዥ»ን ደግሞ የተሻለ እስኪገኝ ሳልወደው እጠቀምበታለሁ።

ወደ «ሚስድሚነር» እንመለስ፤ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን ቀላል እስራት ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት፣ ጽኑ እስራት ከአንድ ዓመት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ነው። ደንብ መተላለፍ ከሁለቱም የተለየ፣ ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የተለመደው ክፍፍል ፌሎኒና ሚስድሚነር ነው። በብዙ ስቴቶች ከአንድ ዓመት በላይ የሚያሳስረው ፌሎኒ፣ እስከ አንድ ዓመት የሚያሳስረው ሚስድሚነር ይባላል። የኋለኛው የሚታሰረው በካውንቲው፣ ማለትም ከስቴት በታች ባለው የአካባቢ አስተዳደር፣ እስር ቤት ነው፤ የፊተኛው ወደ ስቴቱ ማረሚያ ቤት ይላካል። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ቤቶች ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፣ እኛ ሁለቱንም «እስር ቤት» ብለን እናልፋለን። ያም ሆነ ይህ ሚስድሚነር ወንጀል ነው። ዝም ብሎ ደንብ መተላለፍ አይደለም።

የአንድ ዓመቱ መስመር ደግሞ በሁሉም ቦታ አይሠራም። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ድብደባ በስሙ ሚስድሚነር ነው፤ ቅጣቱ ግን እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። ከባልና ሚስት ጭቅጭቅ ወይም ከምግብ ቤት ግርግር የሚመጣው ክስ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። «ሚስድሚነር ነው፣ አትጨነቅ» የሚል ወዳጅ አሥር ዓመት ላይ ቆሞ እያጽናና ነው ማለት ነው። ኒው ጀርሲ ጭራሹኑ ፌሎኒ የሚለውን ቃል አትጠቀምበትም፤ የራሷ ስያሜና የራሷ ደረጃዎች አሏት። ከኒውርክ ወደ ባልቲሞር የተዛወረ ሰው የቃላት መዝገቡንም መቀየር አለበት።

እዚህ ላይ ዜግነት ያላገኘው ወገናችን ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የወንጀሉን ስምና ቅጣት የሚወስነው ስቴቱ ነው፤ የዚያ ቅጣት ትርፍ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ምን ያስከትላል የሚለውን የሚወስነው ግን ፌዴራሉ ነው፤ ፌዴራሉ ደግሞ ለስቴቱ ስያሜ ብዙም አይጨነቅም። ለምሳሌ ማታለልን የመሰለ ቅንነት የጎደለው ተብሎ የሚመደብ ወንጀል ወደ አገሪቱ በገባ በአምስት ዓመት ውስጥ የፈጸመ ሰው፣ ወንጀሉ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያሳስር የሚችል ከሆነ ሊባረር ይችላል። «ሊያሳስር የሚችል» የሚለው ይሰመርበት፤ ዳኛው የሰጠው ቅጣት ሦስት ቀን ቢሆንም የሚታየው ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ነው። ዋሽንግተን ስቴት (ዋና ከተማዋ ሳትሆን ሲያትል ያለችበት ስቴት) በ2011 የሚስድሚነር ጣሪያዋን ከ365 ቀን ወደ 364 ዝቅ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። ኔቫዳ በ2013፣ ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2019 ተከተሏት። አንዲት ቀን ናት የተቀነሰችው። ሲያትል ያለ ሰው በዚያች ቀን ከቤተሰቡ ጋር ይቀራል፤ ጣሪያው አሥራ ሁለት ወር በሆነበት ስቴት ያለው ደግሞ በተመሳሳይ ጥፋት ሻንጣውን ሊያዘጋጅ ይችላል።

«በገደብ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዳኛ አሥራ ሁለት ወር ፈርዶ ሁሉንም በገደብ ቢያደርገው፣ እኛ «ነጻ ወጣ» እንላለን፤ ዘመድ እንኳን ደስ አለህ ሊል ይሰበሰባል። በፌዴራሉ የስደተኞች ሕግ ግን በገደብ የታለፈው ጊዜ እንደ ታሰረበት ይቆጠራል። በስርቆትና በኃይል ድርጊት ወንጀሎች ላይ አንድ ዓመት የሞላ ቅጣት «አግራቬትድ ፌሎኒ» የሚባለውን፣ ከሁሉ የከፋውን ደረጃ ያስከትላል። ስቴቱ ሚስድሚነር ያለው ነገር በፌዴራሉ ዘንድ ከባድ ፌሎኒ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው። በዚያ ላይ «ጥፋተኛ መባል» ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። ስቴቱ ተከሳሹ የተሰጠውን የፈተና ጊዜ በሰላም ከጨረሰ የጥፋተኝነት ፍርድ የለበትም ሊል ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ትርጉም ግን ሰውየው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማንኛውንም ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት ጥፋተኛ ነው ይላል። የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቅ ለመገላገል ብሎ «አዎ» ማለት እዚያ አገር የሚያስከፍለው ብዙ ነው።

ይህን አንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ አገሪቱን ሁሉ አስተምሯታል። ሆሴ ፓዲላ የሆንዱራስ ተወላጅ ነው። በቪየትናም ጦርነት ለአሜሪካ የተዋጋ፣ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ መኖሪያ ፈቃድ የኖረ ሰው። በኬንታኪ ማሪዋና ጭነሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃው፣ እዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ የስደተኝነት ጉዳይህ አያሳስብህ አለው፤ ሰውየውም ጥፋቱን አመነ። የመባረር ሂደት ተጀመረበት። ጉዳዩ እስከ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ መጋቢት 31 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በተሰጠው ፍርድ፣ የተከሳሽ ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የመባረር አደጋ መኖሩን የመንገር ግዴታ አለበት ተባለ። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ለጠበቃ ማቅረብ መብት ነው፤ ጠበቃው ከመናገሩ በፊት መጠየቅ ደግሞ ብልህነት ነው። ጓደኛን አይደለም፣ ጠበቃን።

«ሕጋዊ» የሚለው ቃልም ባለቤቱ ሁለት ነው። ሜሪላንድ ማሪዋናን ለአዋቂዎች የፈቀደችው ሕዝቡ በ2022 ድምፅ ከሰጠበት በኋላ ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው፤ ቨርጂኒያ ትንሽ መጠን መያዝን የፈቀደችው በ2021። በፌዴራል ሕግ ግን ዕፁ አሁንም ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። የፌዴራሉ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በ2019 ባወጣው መመሪያ በስቴቱ የተፈቀደ የማሪዋና ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት እንኳን የዜግነት ጥያቄን ሊያስወድቅ እንደሚችል ገልጿል። ደመወዙ በባንክ የገባ፣ ግብሩ የተከፈለበት ሥራ ማለት ነው። ስለ ዕፅ ካነሳን አይቀር ጫትን ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚያፍርበት፣ ብዙ ሰውም የሚጠይቅበት ርዕስ ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በፌዴራሉ እጅግ ጥብቅ በሆነው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ተዘርዝሯል። ሐረር ላይ ገበያ የሚወጣበት ነገር በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በሄሮይን መደብ ይቆጠራል።

ምሕረትን በተመለከተ በአጭሩ፦ ፕሬዚዳንቱ ይቅር ማለት የሚችለው በፌዴራል ሕግ ለተፈረደ ጥፋት ብቻ ነው። በስቴት ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት በአገረ ገዥው ላይ ነው፤ ቦርድ በሚወስንባቸው ስቴቶች በቦርዱ ላይ። የሜሪላንዱ ዌስ ሙር ሰኔ 17 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከ175,000 በላይ የማሪዋና ጥፋተኝነቶችን በአንድ ፊርማ ይቅር ብለዋል። ለዜጎች ትልቅ እፎይታ ነበር። ዜጋ ላልሆነው ግን ወሬውን ሰምቶ መጨፈር አይበቃውም፤ የፌዴራሉ ሕግ የአገረ ገዥን ይቅርታ ለአንዳንድ ጥፋቶች ሲቀበል ከዕፅ ጋር ለተያያዙት አይቀበልም።

የሚከሰው ማን ነው? ከእኛ አገር ለሄደ ሰው ከሁሉ እንግዳ የሚሆነው ይህ ይመስለኛል። በአብዛኞቹ ስቴቶች ዐቃቤ ሕግ በምርጫ ይመጣል። ሜሪላንድ ውስጥ «የስቴቱ ጠበቃ»፣ ቨርጂኒያ ውስጥ «የኮመንዌልዙ ጠበቃ»፣ ኒው ዮርክ ውስጥ «የወረዳው ጠበቃ» ይባላል፤ ሥራው አንድ ነው፣ በየካውንቲው ሕዝቡ ይመርጠዋል። ምን ዓይነት ክስ አጥብቆ እንደሚይዝ፣ የትኛውን እንደሚተው በምርጫ ዘመቻው ይናገራል፣ በፖስተር ይለጥፋል። ጠበቃ የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ተከላካይ ስለሆነ፣ «የስቴቱ ጠበቃ ደውሎልሃል» የተባለ ተከሳሽ ሊረዳው የመጣ መስሎት ሁሉን ሊዘረግፍለት ይችላል። የሚያሳስረው እሱ ነው።

ከእነዚህ በላይ የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አለ፤ በ43 ስቴቶች በሕዝብ የሚመረጥ። እሱ በአብዛኛው የሌባ ክስ አይመራም። ስቴቱን ወክሎ ይከራከራል፣ ኩባንያዎችን ይከሳል፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የሆነው የዋሽንግተኑን ፌዴራል መንግሥት መክሰስ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጥር 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. እናታቸው በጊዜያዊ ቪዛ ወይም ያለ ፈቃድ ያለች፣ አባታቸውም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ልጆች በመወለድ ዜግነት አያገኙም የሚል ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ በቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት የደረሱት የ22 ስቴቶች ዐቃብያነ ሕግ ነበሩ። ሌሎች ድርጅቶችም ከስሰዋል፤ ከእነዚህ አንዱ መሠረቱ ሜሪላንድ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ሰኔ 27 ቀን የፌዴራል ዳኞች አገር አቀፍ እገዳ የማውጣት ሥልጣናቸውን ሲያጠብ፣ «እገዳው ለከሳሾቹ ብቻ ነው» የሚለው ሐሳብ ስቴቱ ከሳሽ መሆኑን ይበልጥ ውድ አደረገው። ከሳሽ ስቴት ውስጥ የሚኖር ሰው ከሳሽ ባልሆነው ውስጥ ከሚኖረው የተለየ ጥላ ሊያገኝ ይችላልና። አንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ የሚወለድ ሕፃን ዕጣ የስቴቱ ሕዝብ ለስቴት ዐቃቤ ሕግ ድምፅ ሲሰጥ ከመረጠው ስም ጋር የተያያዘው እንዲህ ነበር።

የፍርድ ቤቶች ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት» የሚል ዜና ቢነበብ፣ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም፣ ገና መጀመሩ ነው። በኒው ዮርክ ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ክስ የሚሰማው ነው፤ የመጨረሻው «የይግባኝ ፍርድ ቤት» ይባላል። የሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤትም እስከ 2022 መጨረሻ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይባል ነበር፤ ግራ መጋባቱ ስለበዛ ሕዝቡ በኅዳር ምርጫ ስሙን አስቀየረው። ቴክሳስና ኦክላሆማ ሁለት የበላይ ፍርድ ቤቶች አሏቸው፤ አንዱ ለፍትሐ ብሔር፣ ሌላው ለወንጀል። በአማርኛ ዜና ላይ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ብቻ ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም፤ የማን፣ የትኛው የሚለው ካልተከተለ አንባቢው ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል።

«ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት»ን «ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር» ብሎ የለመደ ተርጓሚ በ2021 ጥር መባቻ ላይ ተቸግሮ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ፕሬዚዳንቱ 11,780 ድምፅ እንዲገኝላቸው በስልክ የጠየቋቸው ብራድ ራፈንስፐርገር የጆርጂያ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ነበሩ። በለመድነው ትርጉም ከሄድን ትብሊሲ ያሉ ዲፕሎማት ይሆናሉ። በስቴት ደረጃ ይህ ሹም ምርጫ ያስፈጽማል፣ የንግድ ድርጅት ይመዘግባል፣ የስቴቱን ማኅተም ይይዛል። ይህም ቢሆን በሁሉም አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ድርጅቱን የሚያስመዘግበው በንብረት ግምትና በግብር መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ቨርጂኒያ ከሆነ በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን። ሐዋይ፣ አላስካና ዩታ ይህ ሹመት ጨርሶ የላቸውም።

ከስቴት ዝቅ ስንል የአካባቢ አስተዳደር ይመጣል፤ እኛም በብዛት የምንኖረው እዚህ ነው። «የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ» የሚባል ሰው የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ያህል ሕዝብ፣ ይህን ያህል የእንጀራ ቤት ይዛ በሕግ ከተማ አይደለችም፤ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትተዳደር ሰፈር ናት። ኪራይ በዛ፣ መንገድ ተበላሸ የሚል ሰው የሚጮኸው ሮክቪል ላለው የካውንቲ ምክር ቤት ነው። ቨርጂኒያ በተቃራኒው 38 «ራሳቸውን የቻሉ» ከተሞች አሏት፤ እነዚህ በየትኛውም ካውንቲ ውስጥ አይደሉም። አሌክሳንድሪያ አንዷ ናት። ሆኖም በፖስታ አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» ከሚለው ሰው ብዙው የሚኖረው በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ፖስታ ቤት ለደብዳቤ እንዲመቸው ያወጣው ስም የሕግ ወሰን አይሆንም። ግብሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ምርጫ ጣቢያው ሌላ ነው።

ወሰኑ በኪስ ላይ ይታያል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ ዓመታዊው ጭማሪ ከ6 በመቶ አይበልጥም። ፌርፋክስ ወይም አርሊንግተን ያሉ ተከራዮች ለምክር ቤታቸው «እናንተስ?» ቢሉ መልሱ «አንችልም» ነው። ቨርጂኒያ የምትከተለው የዲለን መርሕ የሚባለውን ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በኖሩ አንድ የአዮዋ ዳኛ ስም የሚጠራ። በእሱ መሠረት ካውንቲና ከተማ ያላቸው ሥልጣን ስቴቱ የሰጣቸው ብቻ ነው። ስለ ኪራይ አልሰጣቸውም። ስለዚህ የአርሊንግተን ተከራይ ጉዳይ የሚወሰነው በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ነው፤ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ደግሞ በየዓመቱ የሚሰበሰበው ለጥቂት ሳምንታት ነው። የደመወዝ ወለሉም እንደዚሁ ነው። በ2025 አጋማሽ ዋሽንግተን ዲሲ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ ሜሪላንድ 15 ዶላር፣ ቨርጂኒያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። በአንድ የባቡር ሐዲድ ላይ ሦስት ዋጋ።

ዲሲ (ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ) ስቴት አይደለችም፤ ይህም ብዙ ነገር ይቀይራል። ከንቲባና 13 አባላት ያሉት ምክር ቤት ያገኘችው በ1973 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ነው፤ ኮንግረሱ ሰጣት፣ ኮንግረሱ ሊነሳት ይችላል። በአዋቂዎች ላይ የሚቀርበውን ከባድ ክስ የሚመራው ማንም ያልመረጠው፣ ፕሬዚዳንቱ የሾመው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንቱ በዚያው የ1973 ሕግ አንቀጽ 740 ተጠቅመው የከተማዋን ፖሊስ በራሳቸው ሥር አደረጉ፣ ብሔራዊ ዘብም አሰማሩ። በየስቴቱ ብሔራዊ ዘቡን በተለመደው ጊዜ የሚያዝዘው አገረ ገዥው ነው፤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በሎስ አንጀለስ ፕሬዚዳንቱ ዘቡን ከካሊፎርኒያው ጋቪን ኒውሰም ፈቃድ ውጪ ወደ ፌዴራል ሲያዞሩት ስቴቱ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዷል። ዲሲ አገረ ገዥ ስለሌላት ዘቧ ድሮም በፕሬዚዳንቱ እጅ ነው። በዩ ጎዳና ላይ የምናውቃቸው ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት ወታደር ሲቆም «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ላለ ሰው መልሱ «ዲስትሪክት» የምትለው ቃል ውስጥ ነበር።

አንድ ቃል ቀርቷል፤ ሸሪፍ። በፊልም የምናውቀው ባለ ባርኔጣ አይደለም። በሕዝብ የሚመረጥ፣ በብዙ ቦታ የካውንቲውን እስር ቤት የሚያስተዳድር፣ ፍርድ ቤት የሚጠብቅ፣ ኪራይ ያልከፈለን በፍርድ የሚያስለቅቅ ባለሥልጣን ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሳው ከኢሚግሬሽን ጋር ነው። የፌዴራሉ ኢሚግሬሽን ፖሊስ በካውንቲ እስር ቤት ያለን ሰው ሲፈልግ «ዲቴይነር» የሚባል ወረቀት ይልካል፤ ከሚፈታበት ሰዓት በኋላ እስከ 48 ሰዓት አቆዩልኝ የሚል። ወረቀቱን የሚፈርመው የኢሚግሬሽኑ መኮንን ነው፣ ዳኛ አይደለም። ጥያቄ ነው እንጂ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። ሸሪፉ ይቀበለው አይቀበለው የሚለው በስቴቱ ሕግ፣ በካውንቲው መመሪያና በራሱ በሸሪፉ አቋም ይወሰናል። እኛ «በዋስ ይፈታል» ብለን ገንዘብ ስናሰባስብ ዲቴይነር መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ የሚጠይቅ ጠበቃ ካልያዝን፣ ዋሱ ተከፍሎ ሰውየው በኋላ በር ወደ ሌላ መኪና ሊሸጋገር ይችላል።

የቀለበት መንገዱ አሽከርካሪስ? ወረቀቱ ላይ ያለው ፍርድ ቤት «ጀነራል ዲስትሪክት» ይባላል፤ የቨርጂኒያ ዝቅተኛው ፍርድ ቤት ነው። ጥፋተኛ ቢባል እንኳን በአሥር ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ በሰርኪት ፍርድ ቤት እንደ አዲስ፣ ከምስክሩ ጀምሮ ይሰማለታል፤ ምክንያት እንዲያቀርብ እንኳን አይጠየቅም። ይህን ግን ማንም አልነገረውም። የተያዘበት ቦታ ላይ የመውጫው ሰሌዳ «አሌክሳንድሪያ» ስለሚል በቀጠሮው ቀን ክራቫቱን አስሮ ማለዳ ኪንግ ጎዳና ላይ ካለው የአሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየት አድርጋ መለሰችለት። የተያዘው በፌርፋክስ ካውንቲ ወሰን ውስጥ ነው፤ ችሎቱም እዚያው ፌርፋክስ ነው፣ በመኪና ከግማሽ ሰዓት በላይ ርቀት። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት ዘጠኝ ተኩል ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፣ ቀጠሮው ዘጠኝ ተኩል ነው፤ በፍጥነትም መንዳት አይችልም።